እትዬ ብዙነሽ ያሳደጉት ጠርሙስ

እትዬ ብዙነሽ በተቀበሩ ማግስት ድንኳን ውስጥ ሻይ ሳዞር፣ ጋሽ ተካልኝ የሚባሉት ሰውዬ እግራቸውን አነባብረው ለጎረቤቶቻችን ሲያወሩ ደረስኩ።

«በዕድሜዬ የጠጣሁትን አንደኛ ወይን የቀዳችልኝ ይህች ሴት ናት» አሉ። «የቆየ ወይን፣ ዕድሜ የጠገበ። ወይን ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው ብዬ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንዷ «ነፍሷን ይማረው፣ እጇ ሰፊ ነበር» አለች። እኔ ትሪውን ይዤ ቆምኩ። ሻዩን እላያቸው ላይ ባፈሰው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እትዬ ብዙነሽ እንዲህ ዓይነት ነገር አይወዱም። «ትኩስ ነገር መድፋት የችኩል ሰው በቀል ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ስኳር ይጨመርልዎት ወይ ብዬ ጠይቄ፣ ሰጥቼ፣ ወጣሁ።

ከዚህ በኋላ ግን ሰውዬውን «አለ» ነው የምለው። «አሉ» ለሚገባው ሰው ትቀመጥ።

ስለማይረሳ ሰው ሲጻፍ ደግ ደጉ ነው የሚነሳው፤ ሳቂታ ነበረች፣ ለሰው አዛኝ ነበረች ይባላል። እትዬ ብዙነሽም አዛኝ ነበሩ፣ አልዋሽም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጉንፋን ሲይዘኝ ከእናቴ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። እኔን ግን የማረከኝ ቂማቸው ነው። እንደሳቸው ቂም የሚይዝ ሰው አላየሁም፤ ማለቴ፣ እንደሳቸው በንጽሕና የሚይዝ። አሁን የምንኖርበት ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው ግቢ ውስጥ አንዲት ተከራይ የእሳቸውን ገመድ እየቀደመች ልብሷን ታሰጣ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይጣላል። እትዬ ልብሷን ሰበሰቡ፣ እንደገና አጠቡት፣ ተኮሱት፣ አጣጥፈው በሯ ድረስ ወስደው አስረከቧት።

«ያልጠራ መስሎኝ ነው፣ የኔ እህት» አሉ።

ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ልብሷን ቤቷ ውስጥ ነው የምታደርቀው።

አጭር ነበሩ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም። ሲናደዱ አይጮሁም፣ እንዲያውም ድምፃቸው እየቀነሰ ይሄዳል። በጣም ከቀነሰ ከዚያ ቤት መውጣት ነው የሚሻለው። የአንድ ሰው ስም ግን በአፋቸው አይጠሩም ነበር። ብርጭቆ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ከፍ አድርገው ትንሿን ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ፤ በቃ፣ ስለማን እንደሚያወሩ እናውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው። ያኔ ሁላችንም ካዛንቺስ ነበርን። የእትዬ ሳሎን የነበረበት ቦታ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ አንዳንዴ ሳልፍ፣ እዚህ ጋ ቡፌው ነበር፣ እዚህ ጋ ሶፋው ነበር እያልኩ እሄዳለሁ። አንድያ ልጃቸው ሰናይት ታጭታ፣ የወንዱ ቤተሰብ ለትውውቅ ራት ተጠራ። እትዬ ዶሮውን ሠሩ፣ ላዛኛውን ሠሩ፣ ሰላጣውን በትልቁ ሳሕን ደረደሩ። ከሰፈሩ ግሮሰሪም የአገር ውስጥ ቀይ ወይን ገዙ፤ ውድ አይደለም፣ ግን ባለ ግሮሰሪው «ለክብር እንግዳ ይሄ ነው» ብሎ መርጦ የሰጣቸው ነው። በዘመናቸው ወይን ገዝተው አያውቁም። ለልጃቸው ብለው ነው።

ጋሽ ተካልኝ የእጮኛው አጎት ነው። በጎልማሳነቱ ጣሊያን አገር ለሥልጠና ሄዶ ለጥቂት ወራት ተቀምጧል፤ ከዚያ ወዲህ ወይን ያለእሱ አይከፈትም። የእትዬን ወይን አሸተተ፣ አንድ ጉንጭ ቀመሰ፣ ትንሿን ጣቱን ብድግ አደረገ።

«ይሄማ ትናንት የተወለደ ነው» አለ። «ወይን ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው። ይሄ የሚሆነው ለዚህ ነው።» ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ሰላጣው ላይ አፈሰሰው።

እጮኛው ሳቀ። ሰናይት ሲስቅ አየችው።

«እሱ ያፈሰሰው ሰላጣዬን ነው» ይሉ ነበር እትዬ። «ልጄን ያፈሰሳት የእጮኛዋ ሳቅ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ «ነገሩ ለጊዜው ይቆይ» የሚል መልእክት መጣ፤ ወይን የማያውቅ ቤት ከሚል ወሬ ጋር። ቆየ፤ እስከ ዛሬ ቆየ። ሰናይት አዋሳ ሥራ አግኝታ ሄደች። ለበዓል ትመጣለች፣ እናቷን ስማ፣ ሁለት ቀን አድራ ትመለሳለች። አላገባችም። ካዛንቺስን ማየት እንደማትወድ እናቴ ትናገር ነበር።

በዚያ ራት ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ ተርፎ ነበር። እትዬ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆይተው «ትናንት የተወለደ ነው አለ አይደል?» አሉ። «እሺ። እናሳድገዋለን።» በፎጣ ጠቅልለው ጤፍ በርሜላቸው ውስጥ ቀበሩት። ጤፍ ውስጥ ሙቀት የለም፣ ብርሃን የለም፣ የሚነካካው ሰው የለም፤ ከዚህ የተሻለ ማሳደጊያ ከየት ይመጣል?

እኔና ጠርሙሱ አብረን ነው ያደግነው። ጤፉ ጎድሎ አንገቱ ብቅ ባለ ቁጥር ይጠሩኛል። ፎጣውን ገልጠው፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው ያሳዩኛል።

«አድጓል?»

«አድጓል እትዬ።»

«እኩያሽ ነው፤ እንዳይበልጥሽ ብዪ።» ከረሜላ ይሰጡኝና አዲሱን ጤፍ እላዩ ላይ ይገለብጡበታል።

ካዛንቺስን ለቀን ወደ ቡልጋሪያ ስንመጣ ዕቃው ሁሉ አይሱዙ ላይ ሲጫን፣ እትዬ ከሹፌሩ አጠገብ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። ጫኙ «እማማ፣ እሱንም ከላይ ላድርግልዎት?» አላቸው።

«ልጅ ነው» አሉት። «ተኝቷል፤ አትጩህ።»

ጫኙ እስከ ቡልጋሪያ ድረስ በሹክሹክታ ነው ያወራው።

የንስሐ አባታቸው ያውቁ ነበር፤ አባ የዋህ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እኔ ቡልኮውን ሳጣጥፍ «ብዙነሽ፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ሲሏቸው ሰምቻለሁ።

«አውቃለሁ አባ። ስጸልይ ሳሌን እውጠዋለሁ።»

«ይቅር በይው ልጄ።»

«ይምጣና ይጠይቀኝ። ለረሳ ሰው ይቅርታ ብልክለት የት ያስቀምጠዋል?»

አባ ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

እና መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ አይደለም፤ እህቴን ሜሮንን ሊጠይቅ። ሜሮን የምትወደው ልጅ ናቲ ይባላል፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ወሎ ሰፈር ያሉ የአባቱ ወዳጅ ሽማግሌ ሆነው እንደሚመጡ ነገረን። ስማቸውን አልጠየቅንም፣ ሽማግሌ ሽማግሌ ነው። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዎች በራችን ላይ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ፣ እትዬ የእኛ ማዕድ ቤት ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ከመሃል የአንዱን ድምፅ ሰሙ። ቢላዋውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከዚያ ትንሿ ጣታቸው ብድግ አለች።

ሰውዬው ሲወጣ እጃቸውን ጨበጠ። «እናት፣ የሞያዎት ሽታ ከአስፋልት ነው የተቀበለን» አለ። «ማን ልበል?»

«ብዙነሽ።»

«ደስ ይላል፣ ወይዘሮ ብዙነሽ» አለና ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ አለ።

እትዬ በሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ከመቀነሱ የተነሳ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። «እንዲህ አጥቦ ይረሳል ብዬ ግን አልገመትኩም።»

አባቴ እሺታውን ሰጠ፤ የትውውቁ ራት ለቀጣዩ እሑድ ተቆረጠ። ሰውዬው ማን እንደሆነ ሁላችንም ስላወቅን ያ ሳምንት ቤታችንን አስጨነቀው። ሜሮን ማታ ወደ እትዬ ቤት ስትሮጥ ተከትያት ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«እትዬ፣ እወደዋለሁ። በእናትዎት፣ እኔም እንደ ሰናይት እንዳልቀር።»

እትዬ ፀጉሯን ዳበሷት። «እሱን ነው የምፈልገው፣ አንቺን አላስነካም። በልጄ የሠሩትን በሌላ ሰው ልጅ ከሠራሁ እኔም ትንሿን ጣቴን አነሳሁ ማለት ነው።» ዕቅዳቸውን ነገሩን። ጠርሙሱ በፎጣ እንደተሸፈነ ይቀዳል። ሰውዬው ያጣጥማል፣ ያመሰግናል። ከዚያ ፎጣው ይገለጥና የዚያኑ የግሮሰሪ ወይን ወረቀት ያያል። «በቃ። አንድ ቃል አልጨምርም። ወይን ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው ያለው ራሱ ነው፤ በገዛ አፉ ይዋጠው።»

እሑድ ማታ እንግዶቹ ሳሎን ሲገቡ እኔና እትዬ ማዕድ ቤት ጠርሙሱን ከፈትነው። ቡሹ ግማሹ ተሰብሮ ወጣ። አሸተትኩት።

ምን ብዬ ልጻፈው? ሰላጣ ሸተተኝ።

«እትዬ» አልኩ። «ይሄ አቼቶ ሆኗል።»

ተቀብለውኝ አሸተቱ፣ ጣታቸውን ነክረው ላሱ። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ፤ እግራቸው ያኔ ብቻ መሬት የነካ መሰለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ያሳደጉት፣ በብርድ ልብስ ያቀፉት፣ በቀሚሳቸው ጫፍ የጠረጉት ልጅ። ሳሎን ሳቅ ይሰማል፤ የሱ ሳቅ ከሁሉም በላይ።

«እውነቱን ነበር ማለት ነው?» አሉ። «ለሰላጣ ነበር እንዴ የሚሆነው?»

በዕድሜዬ እንደዚያ ሰዓት የተናደድኩበት ጊዜ የለም። የተናደድኩት ደግሞ ስላመኑት ነው። ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል አለ፣ አመኑት፤ ጠላታቸውን ቃል በቃል አምነው የግሮሰሪ ወይን ጤፍ ውስጥ አስቀመጡ። «ሮጬ ሌላ ልግዛ?» አልኳቸው።

ከዚያ ዓይናቸው ላይ አንድ ነገር መጣ፤ የተከራይዋን ልብስ ከገመድ ላይ ሲሰበስቡ ያየሁት ዓይን።

«አይሆንም» አሉ። «ብርጭቆ አምጪ። ጥሩዎቹን።»

ራሳቸው ይዘውት ገቡ። ጠርሙሱ በነጭ ፎጣ እንደተጠቀለለ ነው። «ጋሼ ወይን ያውቃሉ ሲባል ሰማሁ» አሉ። «ይሄ ዕድሜ ያለው ነው። በእጄ ያሳደግኩት፣ ለክብር እንግዳ ያስቀመጥኩት።»

ሰውዬው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገ፣ አሽከረከረ፣ አፍንጫውን ከተተ። «ኦ» አለ። «ዕድሜው ከሩቅ ይጣራል።» ጠጣ። አንገቱ ላይ ያለው ነገር አንዴ ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ አየሁት፤ ዓይኑም እንባ ሞላ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ።

«ወይን ማለት ይሄ ነው» አለ። ጣቲቱ ብድግ። «ያቺ ሹል ነገር ትሰማችኋለች? ዕድሜ ናት እሷ። ያልለመደ ሰው አይገባውም። የውጭ ነው አይደል?»

«የቤት ነው» አሉ እትዬ። «ይድገሙ እንጂ።»

ደገመ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደገመ። አባቴ አንድ ጉንጭ ወስዶ ሳለና፣ እንግዳ ፊት ነው፣ ውሃ ጠጣበት። እናቴ ከንፈሯን ብቻ አስነክታ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች። ሜሮን ዓይኖቿን ከእትዬ ላይ አልነቀለችም።

ከዚያ ናቲ ቀመሰ። ፊቱ ተጨማደደ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ጋሽ ተካልኝን አየው፣ እትዬን አያቸው። ሜሮን ከጠረጴዛው ሥር ስትረግጠው አየሁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እኔ ወይን አላውቅም። ምግቡ ሁሉ በጣም ግሩም ነው። ግን ይሄ… ተበላሽቶ ነው መሰለኝ። አቼቶ ሆኗል።»

«አንተ ምን ታውቃለህ» አለ ጋሽ ተካልኝ።

«ጋሼ፣ አቼቶ ነው። ያምዎታል፣ አይጠጡት።»

እትዬ ብዙነሽ ናቲን ለረጅም ጊዜ አዩት። ያንኛው ልጅ የሳቀበት ቦታ ላይ ይሄኛው እውነቱን ተናገረ። ወደ ሜሮን ዞረው «አግቢው» አሏት፣ ልክ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው።

ከዚያ የጋሽ ተካልኝን ብርጭቆ ከእጁ ተቀበሉ። ትንሿን ጣታቸውን አነሱ። ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ሰላጣው ላይ ቀስ ብለው አፈሰሱት፣ በማንኪያም አገላበጡት።

«ልክ ነህ የኔ ልጅ» አሉት ናቲን። «የሚሆነው ለዚህ ነው።»

ከሰላጣው አንድ ቅጠል አንስተው በሉ። ሲያላምጡ ሰውዬውን ነበር የሚያዩት። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቲቱ ትሁን የሰላጣው ሳሕን፣ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲመለስ አየሁ። አፉን ከፈተ።

«ሰናይት ደህና ናት» አሉ እትዬ፣ እሱ ሳይጠይቅ። «አዋሳ ናት።»

ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ዶሮውን ያወጡ ጀመር፤ ለእሱም ፈረሰኛውን ሰጡት። እስከ ራቱ መጨረሻ ስለ ወይን ያወራ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ እንግዶች ምን እንደተፈጠረ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። በቀል ማለት ለኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄ ነው፤ ከሚመለከተው ሰው በቀር ማንም ሳይረጥብ።

ማታ ዕቃ ስናጥብ የተረፈውን ልደፋ ስል እጄን ያዙኝ። «ያሳደጉት ልጅ መጠጥ ባይሆን የሰላጣ ማጣፈጫ ይሆናል፤ አይጣልም። ውሰጂው፣ ያንቺ ነው።» ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን አደረቁና «ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም» አሉ።

አልጠየቃቸውም። ከዚያ ራት በኋላ ወራት ነበሩት፤ ከወሎ ሰፈር እዚህ ድረስ አንድ ታክሲ ነው። ልባቸው ደክሞ ሲተኙም አልመጣም። የመጣው ሲሞቱ ነው፣ ድንኳን ውስጥ እግሩን አነባብሮ፣ አንደኛ ወይን ቀዳችልኝ ሊል፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት ሊል።

ሻዩን ሰጥቼው ስወጣ ሰናይት ከድንኳኑ ጀርባ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። «ያ ድምፅ የሱ ነው አይደል?» አለችኝ። «እማዬ እውነት ጥሩ ወይን አጠጣችው? እሱን?»

እትዬ ለልጃቸው አልነገሯትም ነበር። ይቅርታውን ይዘው ሊነግሯት ነበር መሰለኝ የሚጠብቁት። ስለዚህ እኔ ነገርኳት። ከጤፉ በርሜል ጀምሬ፣ አይሱዙውን፣ የተሰበረውን ቡሽ፣ ናቲን፣ ሰላጣውን። ስለ ሰላጣው ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቀች ነው።

«የት አለ ጠርሙሱ?» አለች።

ለሠልስቱ ምሳ ሰላጣውን የሠራነው እኔና ሰናይት ነን። ቲማቲሙን እሷ ከተፈች፣ አቼቶውን እኔ ጨመርኩ። ጋሽ ተካልኝ ከሽማግሌዎች ጋር ፊት ተቀምጧል። ሰናይት ራሷ ሳሕኑን ይዛ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ አነሳችለት፣ ጎኑ ቆመች። አንድ ጉርሻ ወሰደ። ማላመጡን አቆመ። ቀና ሲል አያት፤ የእናቷን ዓይን ነው የያዘችው።

«ከእማዬ ጠርሙስ ነው» አለችው። «እርስዎ ካስተማሯት።»

የለቅሶ ቤት ምግብ አይተውም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እየበሉ ነው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሌላ ጎረሰ። ሰናይት ሳሕኑ እስኪያልቅ አልተነቃነቀችም። እኔም ከኋላዋ።

«ሰናይት…» አለ መጨረሻ ላይ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ይጨመርልዎት?» አለችው።

ይቅርታ ግን አላለም። ለጊዜው።

ጠርሙሱን መልሼ በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ፤ አሁን የሚኖረው የእኛ ጤፍ ውስጥ ነው። ሁለት ጣት ያህል አቼቶ ቀርቶበታል። የሜሮን ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ሰናይት ትመጣለች፣ ጋሽ ተካልኝም የወንዱ ወገን ዋና ሽማግሌ ነውና ይመጣል፣ ፊት ይቀመጣል። ያን ቃል ካላላት፣ የሠርጉ ሰላጣ ለእኔ ነው የተሰጠው።